ስድብ የናፈቀው ዶክተር

የኪሮስን ሞት ስሰማ ከአፌ የቀደመው «መቼ?» አይደለም፤ «ምን አገኘው?»ም አይደለም። የደወለችልኝ ታናሽ እህቱ ስንዱ ናት፣ ከአዲስ አበባ። ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «እትዬ ጥሩ፣ ኪሮስ ሞተ» አለችኝ።

«በዓይንሽ አይተሽዋል?» አልኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። እሷ ግን፣ «ነፍሱ ስትወጣ እጁን ይዤው ነበር» አለች። «ልቡ ነው አሉ። ነገ ይዘነው እንመጣለን። ታለቅሺለታለሽ አይደል?»

«እንጃ» አልኩ።

እንጃ ማለቴ ከክፋት አይደለም። እኔ ሰቆጣ ውስጥ ማር ሸጬ የምኖር ሴት ነኝ፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ይጠሩኝና ሙሾ አወርዳለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። ግጥሙን ከእናቶች አፍ፣ ፊደሉን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ለቃቅሜ ነው የያዝኩት። ሬሳ የሚያስደነግጠኝ ሰው አይደለሁም። ለኪሮስ ግን አንድ ጊዜ አልቅሼለታለሁ። አገሩም አልቅሶለታል፤ እርሙን አውጥቷል፤ ተዝካሩን በልቷል። ሰውየው በእግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ኪሮስ የጎረቤታችን የእማማ ለተብርሃን ልጅ ነው። በልጅነቱ ጨው ግዛ ተብሎ ከተላከ ቶሎ አይመለስም። ጨው ሻጯ ፊት ተገትሮ፣ «ባለፈው ገበያ ከዚህ ያንስ ነበር፤ ዛሬ ለምን ጨመረ?» ይላታል። ሴትዮዋ ልትቀንስለት ስትል ደግሞ፣ «ቀንሺልኝ አላልኩም፤ ለምን ጨመረ ነው ያልኩት» ብሎ ያሳብዳታል። ይኸው ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ አስገባው፤ የምጣኔ ሀብት ዶክተር አደረገው። አስተማረ፤ ባንክ ቤት አማካሪ ሆነ፤ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። እማማ ለተብርሃን ቤት ሬዲዮ ሲከፈት ኪሮስ ከአንዱ ባለሥልጣን ጋር ሲከራከር እንሰማለን። እናቱ ሬዲዮኑን ትቆጣዋለች፤ «አንተ ልጅ፣ ሰውየውን አስጨርሰው እንጂ!»

ሲናገር ምሳሌው ሁሉ የአገሩ ነበር። «ዋጋ እንደ ንብ ነው» ይላል። «ንብን በዚህ ሂጂ፣ በዚያ ተመለሺ ብለህ አታዝዛትም። አበባው ካለበት ራሷ ትሄዳለች። መንግሥት አጥሩን ይጠብቅ፤ ቀፎውን አይክፈት።» ይህን ከማለቱ በፊት ሁልጊዜ መነጽሩን ያወልቅና በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል። መነጽሩ ንጹሕ ቢሆንም ይጠርገዋል።

ኋላ ደህና ደመወዙን ትቶ ፖለቲካ ገባ። በዓል ሊውል ሲመጣ፣ «የምን ፓርቲ ነው የገባኸው?» አልኩት።

«የመሐል ነው። ግን ወደ ቀኝ ዘመም ይላል።»

«የዘመመ ቤት አውቃለሁ፤ የዘመመ ፓርቲ አላውቅም።»

«የኛስ ገና ያልተሠራ ቤት ነው፣ እትዬ። መዝመሙ በኋላ ነው» ብሎ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ከተከራከርሽው ይወድሻል፣ ዝም ካልሽው ይከፋዋል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ። ኪሮስ እናቱን ሊያወጣ ከአዲስ አበባ መነሳቱን ከሰው ሰው ሰማን፤ መድረሱን ግን አልሰማንም። ብዙ ቆይቶ አንድ ነጋዴ ከተከዜ በኩል ካፖርት ይዞ መጣ። ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት፣ ደረቱ ላይ የተበሳ፣ በውስጥ ኪሱ የኪሮስ መታወቂያ ያለበት። የለበሰውን ሰው መንገድ ላይ ወድቆ አግኝተውት ገበሬዎች ቀብረውታል አለ።

በኛ አገር ሬሳ ከሌለ ልብሱ ይለቀሳል። ካፖርቱን አልጋ ላይ አጋደምነው፤ የተመረቀ ጊዜ የተነሳውን ፎቶ ከአንገትጌው በላይ፣ ፊት ሊሆን በሚገባው ቦታ አደረግነው። ቄስ ብርሃን ፍትሐት አደረሱ። እኔ ሙሾ አወረድኩ። እንደዚያ ቀን አፌ ተፈትቶ አያውቅም። ሰውን ሁሉ ያንሰቀሰቀው ይህ ነበር፦

ሲጠሩት የማይሰማ፥ ሲሰድቡት የማይመልስ፣
እንዲህ ያለውን ዝምታ፥ ከየት ተማርከው ኪሮስ?

እማማ ለተብርሃን ከዚያ ቀን ወዲያ እህል የበላችው ለሰው ስትል ነው። ዓመቱ ሳይዞር እሷም ተከተለች። ቀብረናት ስንመለስ ሁላችንም፣ «እንግዲህ ልጇን አገኘችው» ተባባልን፤ ሌላ መጽናኛ አልነበረንም።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ማር እያወጣሁ አጎንብሻለሁ። ጥላ ወደቀብኝ።

«እትዬ ጥሩ፣ ዘንድሮ ማሩ ስንት ገባ? ለምንስ ጨመረ?»

ቀና አልኩ። ኪሮስ ነው። ከስቷል፤ ዱላ ይዟል፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። መነጽሩ በክር ታስሯል። አልጮህኩም። ለምን እንዳልጮህኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አያቴ ሙት ማር አይውጥም ትል ነበርና በማንኪያ ዛቅ አድርጌ ወደ አፉ ዘረጋሁለት። ጉሮሮውን እያየሁ። ዋጠ። ያኔ ነው ስሙን የጠራሁት።

ነገሩን ነገረኝ። ወደኛ ሲመጣ በጭነት መኪና ላይ አብሮት የተጫነ አንድ ሰው በትኩሳት ይንቀጠቀጥ ነበር። ካፖርቱን አውልቆ አለበሰው፤ መታወቂያው ኪሱ ውስጥ መሆኑን ረሳው። ተኩስ ሲከፈት ሁሉም ተበታተነ። እሱ እግሩን ተመትቶ ከተከዜ ማዶ አንድ ገበሬ ቤት ተኝቶ ከረመ።

«ሰውየውን ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም» አለ። ከዚያ ወደ ሰፈራችን መንገድ እያየ፣ «እናቴስ?» አለኝ።

ምን ልበለው? እኛ «ልጇን አገኘችው» ብለን ነው የቀበርናት። እሷ እሱን ብላ ሄደች፤ እዚያ ስትደርስ የለም። ይህን እያሰብኩ ነጠላዬን ዘቀዘቅኩ። እሱም ያን አይቶ መነጽሩን አወለቀ፤ ያን ቀን ግን አልጠረገውም።

የከተማው ሰው ያሳደደው ይመስላችኋል? አላሳደደውም። ከዚያ የባሰ ነው፤ አከበረው። ሲያልፍ ከተቀመጠበት ይነሳል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ መንገድ ይለቅለታል። እጁን የሚጨብጥ ግን የለም። ሱቅ ገብቶ ሊከፍል ሲል፣ «ለነፍስዎ ይሁን» ብለው ይመልሱለታል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚለምኑት ነዳያን ሁሉን ሲለምኑ እሱን አይለምኑም፤ ስለ ሙት ይመጸወታል እንጂ ሙት ይመጸውታል እንዴ? አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ከፊቱ ቆመው፣ «ዶክተር ኪሮስ እኮ ጥሩ ሰው ነበር» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እሱ እዚያው እየሰማ ቆሟል። ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሳይፈርሱ የደረቁ የጥንት መኳንንት ሬሳዎች አሉ፤ ሰው ሲያያቸው ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ ለሱም ዝቅ ያደርግለት ነበር።

የእናቶቹ ግን ልብ ይሰብር ነበር። በጦርነቱ ልጅ የጠፋባቸው ናቸው። አንዷ ከጎረቤት ወረዳችን ከዝቋላ በእግሯ መጥታ ደጁ ላይ ስትጠብቀው አየሁ። ነጠላዋን አጣፍታ ቀረበችና፣ «ዶክተር፣ እዚያ ሳሉ የኔን ልጅ አይተውት ይሆን? ረዘም ያለ ነው። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው» አለችው።

«እናቴ፣ እኔ እዚያ አልደረስኩም። ቆስዬ ነው የቆየሁት።»

ራሷን ነቀነቀች። አላመነችውም፤ አልተቆጣችውምም። «እንዳትናገሩ አዘዋችሁ ይሆናል» ብላ፣ ጉልበቱን ስማ ሄደች። እሱ እዚያው እንደ ቆመ ቀረ።

እንዲህ እያለ ነው ምርጫ የደረሰው። ፓርቲው ለሰቆጣ የምክር ቤት ወንበር አጨው። ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ ሲናገር ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ያኔ እዚሁ እናቷ ቤት የነበረችው ስንዱ ደስ አላት፤ «አየሽ ሕዝቡን?» ትለኛለች። እሱ ግን ቀን በቀን እየጠቆረ ሄደ። አንድ ከሰዓት ወደ ማር ቤቴ ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና፣

«እትዬ ጥሩ፣ ስደቢኝ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«በገበያ ቀን፣ ሰው መሐል፣ አዋርደሽ ስደቢኝ።»

«አብደሃል?»

«እስካሁን አላበድኩም። ስሚኝ። መሬት ይሸጥ ይለወጥ እላለሁ፤ ዝም። የእርዳታ ስንዴ ገበሬውን ያደክመዋል እላለሁ፤ በዚያው ስንዴ የከረመ ሰው ፊቴ ቆሞ፣ ዝም! ይህን ሌላ ሰው ቢናገረው በድንጋይ ነበር የሚሉት። እኔን አንድ ሰው እንኳ ‹ተሳስተሃል› አላለኝም። ለሙት ክፉ አይመለስለትማ። እትዬ፣ ወንበሩ ይቅርብኝ። አንድ ጊዜ ‹ውሸትህን ነው› የሚለኝ ሰው ካላገኘሁ እኔም እንደነሱ ማመን ልጀምር ነው።»

«እኔን ለምን መረጥክ?»

«አንቺ ነሻ ከሙታን ጋር ያስገባሽኝ። ‹ሲሰድቡት የማይመልስ› ብለሽ የለ? ስንዱ ነግራኛለች። እንግዲያው ስደቢኝና ልመልስ።»

እጄ ማሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሙት መስደብ በኛ አገር ትልቅ ነውር ነው። ማሩን ሲውጥ አይቻለሁ፤ ጉሮሮውን አይቻለሁ። ቢሆንም ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር እንዳልጸዳ ተረዳሁ። እኔም አጠገቡ ስቀመጥ ጉልበቴን ወደ ራሴ እሰበስብ ነበር።

«ባትመልስስ?» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀና ጠረገ። «ያን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን» አለ።

በገበያው ቀን ከፍየል ተራ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ወጣ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ከበበው፤ እንደ ልማዱም ዝም። ከአበርገሌ ፍየል የሚያመጡት አያ ወልዱ፣ በነገረኝነታቸው የገበያው ሁሉ መሳቂያና መፈሪያ የሆኑት እንኳ፣ ዱላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ኪሮስ ስለ መሬት ጀመረ። ገበሬው የራሱ ጌታ ይሁን፣ መሬቱን አስይዞ ይበደር፣ ከፈለገም ይሽጥ እያለ ወደኔ ይመለከታል። ስመ ሥላሴ ጠርቼ ወጣሁ።

«አንተ!» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። «አንተ የለተብርሃን ልጅ! ከተማ ከርመህ መሬታችንን ለባለ ገንዘብ ልታሻሽጥ መጣህ? አንድ ክፉ ዓመት ሲመጣ ማን ሳይሸጥ ያድራል? ኋላ የት ልንቀበር ነው፤ ኪስህ ውስጥ?»

ፍየሉ ሳይቀር ጸጥ አለ። አንዲት ሴት፣ «ኧረ በማርያም!» ብላ አፏን ያዘች። ኪሮስ አልመለሰም። መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። ዓይኑን አየሁት፤ ያለ መነጽር የት እንደሚያይ አይታወቅም። «አወቅነው እንግዲህ፣ አወቅነው» አልኩ በልቤ።

«እትዬ ጥሩ» አለ በመጨረሻ፣ መነጽሩን መልሶ እያደረገ፣ «አንቺ ማርሽን በፈለግሽው ዋጋ ትሸጫለሽ። ‹ሴት ናት፣ ትታለላለች፣ ማሯን እንዳትሸጥ› የሚል ሕግ ባወጣ ታመሰግኚኛለሽ?»

ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! ደስታዬ ግን ንዴት ሆኖ ወጣ። «ማርማ በዓመቱ ይመጣል! መሬት ይወልዳል እንዴ?»

አያ ወልዱ ፈነዱ፣ በሳቅ። «እውነቷን ነው! አንተ ዶክተር፣ ፍየሌን ብሸጣት ልጇ አለች። መሬቴን ብሸጠው ልጁ የት አለ?»

«አያ ወልዱ፣ የማይሸጥ ፍየል ቢኖርዎት ማን በሱ ያበድርዎታል?»

«ማን ልበደር አለህ? ዕዳ አማረኝ አልኩህ?»

«ስንዴውንም ሊያስቀርብን ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። «ደረቅ! ያንተ ሆድ ሞልቷል!» አለ ሌላው። «አጥሩን ጠብቁ ይላል፤ አጥሩን ራሱ ሊሸጠው ነው!» ገበያው ተንጫጫ። ኪሮስ ወዲህ ይመልሳል፣ ወዲያ ይመልሳል፤ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ድምፁ ጎረነነ። ሊወርድ ሲል አያ ወልዱ እጅጌውን ጨምድደው ያዙት፤ «የት ትሄዳለህ? አልጨረስንም!» ከመጣ ጀምሮ ሰው ሲነካው ያየሁት ያን ቀን ነው። እሱም የተያዘ እጅጌውን አይቶ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ተሸነፈ። ድምፁ ሲቆጠር ወንበሩን ሌላ ሰው ወሰደው። ስንዱ ስታለቅስ እሱ ወደ ማር ቤቴ እየጮኸ መጣ። «ተሸነፍኩ እትዬ ጥሩ! ሙት ተሸንፎ ያውቃል?» ከዚያ ወዲህ ነዳያኑም ይለምኑት ጀመር፤ «ስጠን እንጂ፣ ቋጣሪ!» እያሉ። እናቶቹም ስለ ልጆቻቸው መጠየቅ ተዉ።

አዲስ አበባ ተመልሶ የፓርቲው ሊቀ መንበር ሆነ። ሥልጣን ላይ አልወጣም፤ በየሬዲዮው መከራከሩን ግን አላቆመም። በየዓመቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ድንጋይ ነው። አያ ወልዱ ይጠብቁታል። አንድ ዓመት ኪሮስ፣ «እሺ፣ የቤቱ ጓሮ እንኳ አይሸጥ» እስከማለት ደረሰና አያ ወልዱ አሸነፍኩት ብለው ገበያውን በፉከራ አናወጡት።

አንድ ነገር ግን አልለቀቀውም። ቄስ ብርሃንን ለምኖ ያ ካፖርት የለበሰው ሰው በጸሎት እንዲታሰብ አደረገ፤ ቄሱም፣ «ጌታ ሆይ፣ ስሙን አንተ የምታውቀው» እያሉ ያነሱታል። ካፖርቱን ስንዱ ቤት ተሰቅሎ ባየው ቁጥር ወንበር ያዞርና ጀርባ እንዳይሰጠው ሆኖ ይቀመጣል። ባለፈው ፋሲካ እንዲህ አለኝ፤ «የኔን ለቅሶ እሱ ወሰደው፣ እትዬ። አልቀናሁበትም፤ የሚያለቅስለት አልነበረውም። ግን እኔ ስሞት በምን ትሸኙኛላችሁ?»

ሳቅሁበት።

እና ስንዱ በደወለች ማግስት የሬሳ ሳጥኑ መጣ። ሰው ከየአቅጣጫው ወጣ፤ ነጠላውን ዘቅዝቆ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞላው። የሚያለቅስ ግን የለም። ስንዱ ብቻዋን ትንሰቀሰቃለች። የቀረው ሕዝብ ሳጥኑን አያይም፤ መንገዱን ነው የሚያየው። ያንን በተከዜ በኩል ያለውን መንገድ፣ ያኔ የመጣበትን። አቧራ ብድግ ሲል ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። አህያ የምትነዳ ሴት ሆና ስትገኝ ይመለሳል። ስንዱ በዓይኗ ለመነችኝ።

ተነሳሁ። የድሮው ሙሾ ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። የሱ አይደለም፤ የዚያ ሰውዬ ነው። ሳጥኑን ክፈቱልኝ አልኩ። ከፈቱት። ግንባሩን ነካሁ። እንደ ዓለቱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቀዝቅዟል። መነጽሩን ስንዱ ጠርጋ አድርጋለታለች። መሞቱን እኔ አወቅሁ፤ ሕዝቡ ግን ገና መንገዱን ያያል። ያን ጊዜ አፌ ራሱ ተከፈተ።

«አንተ የለተብርሃን ልጅ!» አልኩ። «መሬታችንን ላሻሽጥ ስትል ኖረህ፣ ዛሬ ደግሞ አንዷን ጥግ በነጻ ልትወስድብን መጣህ? ስንት ገባች አትልም? ለምን ጨመረ አትልም?»

ሕዝቡ ቀስ እያለ ከመንገዱ ወደ ሳጥኑ ዞረ። ሁሉም እየጠበቀ ነው። እኔም እየጠበቅሁ ነው።

አያ ወልዱ ሰውን እየገፉ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩት።

«አንተ ዶክተር» አሉ፣ «በጓሮው ነገር ያሸነፍኩህ እኔ ነኝ። አይደለም በል!»

ጠበቁ።

«አይደለም በል እንጂ!» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። እጅጌውን ጨምድደው ያዙ። «ኪሮስ! መልስልኝ!»

አልመለሰም። አያ ወልዱ ዱላቸውን ጥለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ መንገዱን ያየ ሰው አልነበረም።